አግነር ክራሩፕ ኤርላንግና የተያዘው መስመር

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ለሙያችን መሠረት ከጣሉት ሰዎች የአንዱን ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስማቸው በየመማሪያ መጽሐፉ ከገነነው ከፋራዴይና ከማርኮኒ አንዱን ብመርጥ ሥራው በቀለለልኝ ነበር። እኔ ግን ስሙን የቴሌኮሙኒኬሽን ሰዎች በየቀኑ በመለኪያነት እየጠራነው ሰውየውን እምብዛም ስለማናውቀው፣ ስለ ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ ስለ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ለመጻፍ ወሰንኩ። ምርጫው እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ያስመረጠኝ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ገደማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የመለኪያ ክፍል ውስጥ ከአንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ ጋር የተጣመረ ያረጀ ኮምፒዩተር ነበር። የመሣሪያው መቆጣጠሪያ ካርድ የሚሰካው በዱሮው የአይሳ ማስገቢያ ብቻ በመሆኑና አዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ያን ማስገቢያ ከተዉት ብዙ ዘመን ስለሆናቸው፣ ማሽኑን በአዲስ መተካት አልተቻለም። አሮጌው ኮምፒዩተር በየጠዋቱ የማመሳከሪያ ሠንጠረዦቹን ከማዕከላዊው ሰርቨር በኔትወርክ እየቀዳ ሥራውን ይጀምር ነበር። ሰርቨሩ ፈጣን በሆነ አዲስ ማሽን ከተተካ ወዲህ ግን፣ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥ የነበረው የጠዋት ቅጂ ሰዓት ይፈጅ ጀመር፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከነጭራሹ ይቆማል። ሰርቨሩ ሲፈጥን ቅጂው መዘግየቱ ሁላችንንም ግራ አጋባን።

ገመዱን ለወጥን፤ ለውጥ የለም። የኔትወርክ ካርዱን ዓይነቱ አንድ በሆነ በሌላ ካርድ ለወጥን፤ ያው ሆነ። ማሽኑ የኔትወርኩን ሁኔታ በሚያሳይበት ሠንጠረዥ ላይ ስሕተት የሚቆጥረው ረድፍ ዜሮ ሆኖ ሳለ፣ ኦቨርራን የሚባለው ረድፍ ብቻ በየጠዋቱ በመቶዎች ያድግ ነበር። ኦቨርራን ማለት ከመስመሩ የመጣው መረጃ ደኅና ሆኖ ካርዱ ዘንድ ደርሶ፣ ነገር ግን የካርዱ ማቆያ ባፈር ሞልቶ ስለነበር ቦታ አጥቶ ጠፋ ማለት ነው። የክፍሉ ኃላፊ መሣሪያው ከነኮምፒዩተሩ ከአገልግሎት ውጪ እንዲሆን ደብዳቤ አርቅቀው ነበር። ያ መሣሪያ ሲወገድ የሚተካው ስላልነበረ፣ ደብዳቤው ቢፈረም ኖሮ ክፍሉ ራሱ ሥራ መፍታቱ አይቀርም ነበር።

በዚያን ሰሞን ነው ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀራቸውና ዕድሜያቸውን በስልክ ማዞሪያ ጣቢያ የፈጁ አንድ አንጋፋ ቴክኒሺያን ወደ ክፍላችን ብቅ ያሉት። ስለ ኮምፒዩተር ብዙ እንደማያውቁ አስቀድመው ከነገሩኝ በኋላ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ካርዱ ስንት ጥቅል መረጃ እንደሚይዝ፣ ጥቅሎቹ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት እንደሚመጡና ማሽኑ አንዱን ጥቅል ለማንሣት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት። ሦስቱንም አላውቅም ነበር። እሳቸውም ይህ የኤርላንግ ጉዳይ መሆኑንና እነዚህን ሳላውቅ ገመድ መለዋወጤ ድካም ብቻ መሆኑን በጨዋ ቃል አስረድተውኝ ሄዱ። የሰውየውን ታሪክ መፈለግ የጀመርኩት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

ኤርላንግ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ቀን 1878 በዴንማርክ፣ በጁትላንድ ምድር፣ ታርም ከምትባለው ከተማ አጠገብ በምትገኘው ሎንቦርግ በተባለች መንደር ነው። ቤል ስልክን በስሙ ካስመዘገበ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። አባቱ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርና የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ነበር፤ በእኛ አገር ልማድ የደብር የኔታ ልጅ ነው እንደማለት ነው። እናቱ ከካህናት ወገን የምትወለድ ስትሆን፣ ከዘር ሐረጓ ውስጥ በ1583 ባሳተመው መጽሐፍ ታንጀንትና ሴካንት የሚሉትን ቃላት ለሒሳብ ያበረከተው ቶማስ ፊንከ ይገኝበታል። የሒሳብ ተሰጥኦ በዘር ይወረሳል አይወረስም የሚለውን ክርክር ለሌሎች እተወዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ልጁ ፊደል የቆጠረው መጻሕፍት ባሉበት ቤት መሆኑ እርግጥ ነው።

ስለ ልጅነቱ ከሚነገሩት ውስጥ አንዱ በተለይ ደስ ይለኛል። ማታ ማታ ታላቅ ወንድሙ ፍሬደሪክ መጽሐፍ ዘርግቶ ሲያነብ፣ ትንሹ አግነር ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያንኑ መጽሐፍ ከተገለበጠበት ያነብ ነበር ይባላል። ከሁሉም ይልቅ የሚወደው ስለ ከዋክብት ማንበብ ሲሆን፣ ስለ ሰማይ አካላትም ግጥም ይገጥም ነበር።

የመጀመሪያ ትምህርቱን ከአባቱ ተምሮ በ14 ዓመቱ ለመግቢያ ፈተና ወደ ኮፐንሃገን ሄደ። ዕድሜው ያልደረሰ ስለነበር በልዩ ፈቃድ እንዲቀመጥ ተደርጎ ፈተናውን በከፍተኛ ማዕረግ አለፈ። ሆኖም ወዲያው አልገፋበትም፤ ወደ መንደሩ ተመልሶ በአባቱ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆኖ ሁለት ዓመት ያህል ሠራ፤ ጎን ለጎንም ፈረንሳይኛና ላቲን ተማረ። ከዚያ በሂለሮድ ከተማ በሚገኘው በፍሬደሪክስቦርግ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ አንድ የሩቅ ዘመድ ቤት ተጠግቶ እየኖረ በ1896 የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያውን አገኘ። ቤተሰቡ ሀብት ስላልነበረው ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የገባው በነፃ ትምህርት ዕድል ነው። በ1901 በሒሳብ ዋና ትምህርት፣ በሥነ ፈለክ፣ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ደግሞ ተጨማሪ ትምህርት ይዞ ተመረቀ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ሰባት ዓመታት በመምህርነት ያለፉ ናቸው። በየትምህርት ቤቱ እየተዘዋወረ ሲያስተምር፣ ሌሊቱን ለራሱ ጥናት ያውለው ነበር። በ1904 ስለ ሁይገንስ የሒሳብ ሥራዎች በጻፈው ድርሰት ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ በሚያዘጋጀው ውድድር የክብር ስም አገኘ። በዚህ ሁኔታ ቢቀጥል ኖሮ ደግና ጸጥተኛ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ ዕድሜውን በጨረሰ፣ ዛሬም ስሙን የሚያነሣው ባልነበረ።

የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው የሙያ ማኅበር ስብሰባ ነው። ኤርላንግ የዴንማርክ የሒሳብ ሰዎች ማኅበር አባል ነበርና በስብሰባዎቹ ላይ ከዮሃን የንሰን ጋር ይገናኝ ነበር። ይህ የንሰን ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የምንማረው የየንሰን አለመተካከል ባለቤት ነው። ነገር ግን እንጀራው ሒሳብ አልነበረም፤ የኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ነበር። ሒሳብን የሚሠራው በትርፍ ጊዜው ነው። የንሰን ወጣቱን መምህር ከኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከፍሬድሪክ ዮሃንሰን ጋር አስተዋወቀው። ዮሃንሰንም በዚያን ዘመን ከነበሩት የስልክ ኩባንያ ሹማምንት በአንድ ነገር ይለያል፤ የደንበኞች የመጠበቂያ ጊዜ በሒሳብ ሊጠና እንደሚገባው ተረድቶ በ1907 ስለዚሁ ጉዳይ ራሱ ጽፎ ነበር። የጀመረውን ጥናት ከፍጻሜ የሚያደርስ ሰው ይፈልግ ስለነበር ኤርላንግን በ1908 ቀጠረው። አለቃ ጥያቄውን ራሱ አውጥቶ፣ መልሱን እንዲያገኝ ከራሱ የሚበልጥ ሰው ቀጥሮ፣ ከዚያም በሥራው ጣልቃ ሳይገባ ሲተወው ማየት በእኛም አገር ሆነ በሌላው ያልተለመደ ነው።

በዚያን ጊዜ የስልክ ኩባንያዎችን ያስጨንቅ የነበረው ጥያቄ እንደሚከተለው ነው። አንድ ደንበኛ ሲደውል መስመር ሁሉ ተይዞ ከሆነ ጥሪው ይጠፋል፤ ወይም ስልክ አዟዟሪዋ እስክትነሣለት ይጠብቃል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ መስመር መዘርጋት ኩባንያውን ያከስረዋል፤ መስመር ማሳነስ ደግሞ ደንበኛን ያስቆጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልክ የቱ ነው? ከኤርላንግ በፊት ይህ የሚወሰነው በልምድና በግምት ነበር።

ኤርላንግ በ1909 ባወጣው የመጀመሪያ ትልቅ ጽሑፉ፣ እርስ በርሳቸው በማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች የሚደረጉ ጥሪዎች አመጣጣቸው የፖይሶንን ሕግ እንደሚከተል አሳየ። ይህ ሕግ ፖይሶን በ1837 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የነበረ ነው፤ በ1898ም ቦርትኪየቪች የተባለ ምሁር በፕሩሲያ ጦር ውስጥ በፈረስ ርግጫ የሞቱትን ወታደሮች ቁጥር አስተካክሎ እንደሚገልጽ አሳይቶበታል። የኤርላንግ ብልሃት የሙታን መቁጠሪያ የነበረውን ሕግ ለሕያዋን ንግግር ማዋሉ ነው። እያንዳንዱ ደዋይ መቼ እንደሚደውል ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ የብዙዎቹ ድምር ግን ሥርዓት አለው።

ዋናው ሥራው በ1917 ወጣ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዛሬ ኤርላንግ ቢ እና ኤርላንግ ሲ ብለን የምንጠራቸው ሁለት ቀመሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው መስመር ያጣ ጥሪ የሚጠፋበትን፣ ሁለተኛው መስመር ያጣ ጥሪ ተራውን የሚጠብቅበትን ሁኔታ ይመለከታል። ሐሳቡን ለመረዳት ወፍጮ ቤትን ማሰብ ይበቃል። እህል ይዛ የመጣች ሴት ወፍጮው ተይዞ ስታገኘው ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት የምትሄድ ከሆነ ነገሩ የቢ ነው፤ ጆንያዋን ተራ አስይዛ የምትቀመጥ ከሆነ የሲ ነው። ኤርላንግ የተጠቀመበት መንገድ ቀላልነቱ ያስገርማል። በረጅም ጊዜ ውስጥ ሲታይ ሦስት መስመር ከተያዘበት ሁኔታ ወደ አራት የሚታለፍበት ብዛት፣ ከአራት ወደ ሦስት ከሚወረድበት ብዛት ጋር እኩል መሆን አለበት። ይህን ሚዛን ለእያንዳንዱ ደረጃ በመጻፍ ብቻ ቀመሩ ይወጣል።

ቀመሩ የሚሰጠው ውጤት ግን ቀላል አይደለም፤ ብዙውን ጊዜም የመሐንዲስን ግምት ያፈርሳል። ዛሬ አንድ ኤርላንግ የምንለው የጥሪ ጭነት አንድን መስመር ያለ ዕረፍት ከሚይዝ ንግግር ጋር እኩል ነው። ይህን አንድ ኤርላንግ በአንድ መስመር ብናስተናግድ ግማሹ ጥሪ ይጠፋል። በሁለት መስመር ከመቶ 20፣ በሦስት ከመቶ 6 ያህል፣ በአራት ከመቶ 1.5 ያህል ይጠፋል፤ ከመቶ አንድ በታች ለማውረድ አምስት መስመር ያሻል። አሥር እንዲህ ያሉ ቡድኖች ለየብቻቸው ቢደራጁ ሃምሳ መስመር መፈለጋቸው ነው። አሥሩን ቡድን አንድ ላይ አድርገን አሥር ኤርላንግ በጋራ ብናስተናግድ ግን ለዚያው ደረጃ 18 መስመር ይበቃል። ከሃምሳ ወደ 18 መውረድ ለአንድ ኩባንያ ምን ማለት እንደሆነ የመዳብ ዋጋ የሚያውቅ ሁሉ ይገነዘበዋል። የብሪታንያ ፖስታ ቤት ቀመሩን ሳይውል ሳያድር ለስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎቹ ዕቅድ መጠቀሙ አያስደንቅም። በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ አንድ ተመራማሪም የኤርላንግን ጽሑፎች ከምንጫቸው ለማንበብ ሲል ዴንማርክኛ እንደተማረ ይነገራል።

ወረፋን በሚመለከት ደግሞ ሁላችን ልናስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። አንድ ብቻውን የሚያገለግል ወፍጮ ግማሽ ቀን ሥራ ላይ ግማሽ ቀን ባዶ ከሆነ፣ መምጫውም ማስፈጫውም ጊዜ እንደ ስልክ ጥሪ ያለ ሥርዓት የሚለዋወጥ ሲሆን፣ አማካዩ መጠበቂያ ከአንድ ማስፈጫ ጊዜ ጋር እኩል ይሆናል። ወፍጮው ከመቶ 90 ሥራ ላይ ከሆነ መጠበቂያው ዘጠኝ እጥፍ፣ ከመቶ 95 ከሆነ 19 እጥፍ ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲገፋ ወረፋው መጨረሻ የለውም። ማሽን ያለ ዕረፍት መሥራቱን እንደ ቁጠባ የሚቆጥሩ ሥራ አስኪያጆች ይህችን ስሌት ቢያዩአት መልካም ነበር።

ወደ አሮጌው ኮምፒዩተር ልመለስ። የአንጋፋውን ቴክኒሺያን ሦስት ጥያቄዎች አንድ በአንድ መለስኩ። ካርዱ ኤንኢ 2000 ከሚባለው ቤተሰብ ሲሆን 16 ኪሎባይት ማኅደረ ትውስታ አለው፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው 256 ባይት የሚይዙ 64 ገጾች ነው። ድራይቨሩ 12ቱን ለመላኪያ ስለሚይዝ ለመቀበያ 52 ይቀራሉ። አንድ ሙሉ የኤተርኔት ጥቅል ስድስት ገጽ ስለሚፈልግ፣ ካርዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ስምንት ሙሉ ጥቅል ብቻ ነው። መስመሩ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ስለሚያስተላልፍ ሙሉ ጥቅል በየ1.23 ሚሊሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ደግሞ በአይሳው ጠባብ መንገድ በኩል አንዱን ጥቅል ለመቅዳት፣ በእኛ ልኬት፣ 1.5 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በኤርላንግ ቋንቋ ጥቅሎች በተከታታይ በሚመጡበት ጊዜ ጭነቱ 1.2 ኤርላንግ፣ አገልጋዩ ግን አንድ ነው።

የዱሮው ሰርቨር ዝግተኛ ስለነበር ጥቅሎቹን እያረፈ ይልክ ነበር። አዲሱ አያርፍም። ፋይሉ የሚጠየቀው በ8 ኪሎባይት ቁራጭ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በስድስት ጥቅል ተከፋፍሎ ይመጣል። ማሽኑ ደግሞ አስቀድሞ አራት ቁራጭ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ 24 ጥቅል ያለ ፋታ ይመጣል። 24ቱ ለመድረስ 29.5 ሚሊሰከንድ፣ ለመቀዳት 36 ሚሊሰከንድ ይወስዳሉ። በዚህ ብቻ ወደ አራት የሚሆኑ ጥቅሎች በባፈሩ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ካርዱ ስምንት ስለሚይዝ ይህ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ሃርድ ዲስኩ በዱሮው አሠራር፣ በፕሮሰሰሩ እጅ እየተቀዳ የሚጽፍ ነው፤ በዚያን ጊዜም ሌሎች መሣሪያዎች የሚልኩትን የማቋረጫ ምልክት ፕሮሰሰሩ አይሰማም። ዲስኩ ስምንት ሚሊሰከንድ ያህል ሲያደነቁረው ሌላ አምስት ጥቅል ይጨመራል። አራትና አምስት ዘጠኝ ነው፤ ባፈሩ የሚይዘው ስምንት ነው። የሚጠፋው ጥቅል አንድ ቢሆንም፣ ከስድስቱ አንዱ የጎደለበት ቁራጭ ሙሉ በሙሉ ዋጋ ስለማይኖረው እንደገና ይጠየቃል፤ ሲጠየቅም ያው ጎርፍ ይመለሳል።

መድኃኒቱ ያለ ወጪ ተገኘ። የሚጠየቀውን ቁራጭ ወደ አንድ ኪሎባይት አወረድነው፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቁራጭ በአንድ ጥቅል ይመጣል፣ አራት ቁራጭ አስቀድሞ ቢጠየቅም ከአራት ጥቅል አይበልጥም። ዲስኩ በሚጽፍበት ጊዜም ፕሮሰሰሩ የሌሎቹን ምልክት እንዲሰማ ፈቀድንለት። ይህ ሁለተኛው እርምጃ በአንዳንድ የዱሮ የዲስክ መቆጣጠሪያዎች ላይ መረጃ እስከማበላሸት ሊደርስ ስለሚችል፣ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ሳንወስድ አልነካነውም። የኦቨርራን ቁጥሩ ማደጉን አቆመ፤ ደብዳቤውም ሳይፈረም ቀረ።

እውነቱን ለመናገር፣ የእኛ ችግር በኤርላንግ ቀመር ውስጥ ገብቶ የሚወጣ አልነበረም። ቀመሩ የሚናገረው እርስ በርሳቸው ስለማይተዋወቁ ደዋዮች ነው፤ የእኛ ጥቅሎች ግን እንደ ሰርገኛ ተያይዘው የሚመጡ ናቸው። ይህን በዓለም ፊት ያረጋገጡት በአሜሪካ በቤልኮር የላቦራቶሪ ኔትወርክ ላይ የተደረጉ ልኬቶች ሲሆኑ፣ ሌላንድና ባልደረቦቹ በ1993 እና በ1994 ባወጧቸው ጽሑፎች የኤተርኔት ትራፊክ ፖይሶን እንዳልሆነ፣ በጥቂት ሰከንድም በብዙ ሰዓትም ሲታይ መልኩ ያው ጎርፍ እንደሆነ አሳይተዋል። አንዳንዶች ይህን እንደ ኤርላንግ ሽንፈት ሲያወሩት ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም። ኤርላንግ የለካው በዘመኑ የነበረውን የሰው ንግግር ነው፤ ለዚያም ቀመሩ ልክ ነው። ሌላው ቀርቶ የቢ ቀመር የንግግሩ ርዝመት ምንም ዓይነት ስርጭት ቢኖረው አማካዩ እስካልተለወጠ ድረስ ልክ መሆኑን ሴቫስትያኖቭ በ1957 በሒሳብ አረጋግጧል።

ኤርላንግ ራሱም ከወረቀት ያልወጣ ሰው አልነበረም። በኩባንያው የላቦራቶሪ ኃላፊ ተብሎ ሲሾም መጀመሪያ አንድም ረዳት አልነበረውም። ከመሬት በታች ባሉ የስልክ ገመዶች ላይ ጉዳት ያደርስ የነበረውን ባዛኝ የኤሌክትሪክ ጅረት ለመለካት፣ መሰላል የተሸከመ ሠራተኛ አስከትሎ በኮፐንሃገን ጎዳናዎች ላይ ሲዘዋወርና ወደ ገመድ ጉድጓዶቹ ሲወርድ ይታይ ነበር። የ1909ኙን ጽሑፍ የጻፈው ሰው ከጉድጓድ ጭቃ ለብሶ ሲወጣ ያዩት መንገደኞች ማን እንደሆነ የሚያውቁ አይመስለኝም። ለላቦራቶሪው የመለኪያ መሣሪያ አሻሽሏል፤ ለስሌት የሚያገለግሉ የቁጥር ሠንጠረዦችንም አዘጋጅቷል።

ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። ደመወዙ የሚሄደው በሁለት በኩል ነበር። አንደኛው የሒሳብ፣ የሥነ ፈለክና የፊዚክስ መጻሕፍት በብዛት የተከማቹበት ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ሁለተኛው የተቸገሩ ሰዎች ናቸው። ችግረኞች እስከ ሥራ ቦታው ድረስ እየመጡ ይጠይቁት እንደነበርና እሱም ሌላ ሰው ሳያይ ይሰጣቸው እንደነበር የሥራ ባልደረቦቹ መስክረዋል። ከሰው ጋር ብዙ አይቀላቀልም፣ ስለ ራሱም አያወራም ነበር።

በኩባንያው ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ሲሠራ አንድም ቀን በሕመም ምክንያት ከሥራ ቀርቶ አያውቅም ነበር። በጃንዋሪ 1929 ግን ሆዱን ታሞ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባ፤ በዚያው ሳይነሣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን አረፈ። ዕድሜው ገና 51 ነበር። ስሙን የያዘው ሳይንስ ማደግ የጀመረው ከሞቱ በኋላ ነው። በ1946 ዓለም አቀፉ የስልክ አማካሪ ኮሚቴ የጥሪ ጭነት መለኪያው በስሙ እንዲጠራ ወሰነ። አሜሪካኖቹ ለብዙ ዘመን ሌላ መለኪያ ሲጠቀሙ ነበር፤ አንዱ ኤርላንግ በእነሱ አቆጣጠር 36 መሆኑን የዱሮ ሠንጠረዥ የገለጠ ሁሉ ያውቀዋል። በ1948 ብሮክሜየር፣ ሃልስትሮምና የንሰን የተባሉ ሦስት ሰዎች የሕይወት ታሪኩንና ሥራዎቹን ሰብስበው በኮፐንሃገን አሳተሙ፤ ይህኛው የንሰን ከመጀመሪያው ጋር መምታታት የለበትም። ክላይንሮክ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ የወረፋን ስሌት ወደ መልእክት ኔትወርኮች ሲያሻግር የተነሣው ከዚህ መሠረት ነው። በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያም በ1980ዎቹ አጋማሽ ለስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ታስቦ የተሠራው የፕሮግራም ቋንቋ ስሙን ወርሷል፤ ዋትስአፕም መልእክቶቻችንን ለማስተናገድ ይህንኑ ቋንቋ ተጠቅሟል።

አንጋፋው ቴክኒሺያን ጡረታ በወጡበት ሳምንት ከዱሮ ሥራቸው የተረፈ አንድ የኤርላንግ ቢ ሠንጠረዥ ሰጡኝ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ማዕዘኖቹም ተበልተዋል። አሥር ኤርላንግ በሚለው ረድፍ 18 በሚለው ቁጥር ላይ በቀይ እርሳስ ክብ ተደርጎበታል፤ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ በእኔ እጅ ጽሑፍ 24 ከዚያም በታች 8 ተብሎ ተጽፏል።